ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ላይ አንድን ረድፍ እዛው ቴብል ውስጥ ካለው ከቀደመው ረድፍ ጋር እንዴት ነው የምታወዳድሩት?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቸክዬ ቀርቻለሁ፣ እስኪ የምታውቁ እርዱኝ። የውሃ ቆጣሪ ንባብ የሚመዘገብበት አንድ ቴብል አለኝ፣ ኮለሞቹ አራት ብቻ ናቸው፤ መለያ፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ የተነበበበት ቀን እና ንባቡ። 300 ቆጣሪ ነው፣ የሁለት ዓመት ዳታ፣ በየወሩ የተነበበ፣ ባጠቃላይ 7,000 ገደማ ረድፍ አለው። የምፈልገው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ንባብ ከዛው ቆጣሪ ካለፈው ንባብ ጋር አስተያይቼ ልዩነቱን ማውጣት፣ ከዛ ልዩነቱ ከዜሮ በታች የሆነውን ለይቼ ማየት። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ስለዚ ንባቡ ከቀነሰ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቴብሉን ከራሱ ጋር በቆጣሪ ቁጥር ጆይን አረኩት (ረድፎቹን አጣመርኩ ማለት ነው)፣ ከ160,000 በላይ ረድፍ ተዘረገፈልኝ። ከዛ የአንዱ መለያ ከሌላው መለያ ሲቀነስ 1 ይሁን ብዬ ሞከርኩ፣ እሱ ደግሞ የአንዱን ቆጣሪ ንባብ ከሌላው ቆጣሪ ጋር እየቀላቀለ ቁጥር የማይመስል ቁጥር አመጣ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው?

(ክሩ ስለረዘመ በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲመች የመጡትን ምላሾች ከዚ በታች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ስድብ ቀረሽ ነገር ነበር፣ እሱን አሳጥሬዋለሁ፣ ሀሳቡን ግን አልነካሁም።)

1ኛ ምላሽ። ይሄ ሰው በጣም በትህትና ነው የመለሰልኝ፣ ጥያቄውን ሁሉም አንድ ቀን እንደሚጠይቀው ነግሮኝ ነው የጀመረው። ጆይኑን ያሰርኩት በቆጣሪ ቁጥር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ የቆጣሪ 17 ረድፍ ከሁሉም የቆጣሪ 17 ረድፎች ጋር፣ ከራሱም ጋር ሳይቀር ይጣመራል፤ 24 ረድፍ ያለው ቆጣሪ 24 በ24 ተባዝቶ 576 ረድፍ ይወልዳል። ያንን በ300 ሳባዛው ያስደነገጠኝ ቁጥር ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። መፍትሄ ብሎ የሰጠኝ ቴብሉን በሁለት ስም መጥራት ነው፣ ሀ የአሁኑ፣ ለ ያለፈው፤ ከዛ የቆጣሪ ቁጥራቸው እኩል ከመሆኑ ላይ ሁለተኛ ሁኔታ መጨመር፣ የለ ወር ከሀ ወር በአንድ የሚያንስ እንዲሆን። የመለያ ቁጥሩን መቀነስ ለምን እንደማይሰራም አስረድቶኛል። መለያ ቁጥር የሚሰጠው መዝገቡ በገባበት ቅደም ተከተል ነው እንጂ በቆጣሪ አይደለም፣ በዛ ላይ ተጀምሮ የተሰረዘ ትራንዛክሽን (የመመዝገብ ስራ) የወሰደውን ቁጥር አይመልስም፣ ስለዚ መሀል ላይ ክፍተት ይኖራል።

2ኛ። አንድ ቃል ብቻ ጽፎ ሄደ፣ ላግ።

3ኛ። ይሄኛው ሁለተኛውን በጨዋ ደንብ ገሰጸው፣ ለጀማሪ የፈንክሽን ስም ወርውሮ መሄድ እርዳታ እንዳልሆነ ጽፎ ራሱ አብራራው። ላግ ማለት ረድፎቹ በሆነ ቅደም ተከተል ከተደረደሩ በኋላ ከአሁኑ ረድፍ አንድ ወደ ኋላ ያለውን ዋጋ የሚያመጣ ፈንክሽን ነው፣ ሊድ ደግሞ አንድ ወደ ፊት ያለውን። ኦቨር ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ሁለት ነገር ይነገረዋል፤ ፓርቲሽን ባይ (በምን ይከፈል) ቆጣሪ ቁጥር፣ ኦርደር ባይ (በምን ይደርደር) ቀን። ፓርቲሽን ባይ ከተረሳ የቆጣሪ 18 ንባብ ከቆጣሪ 17 ንባብ ይቀነሳል፣ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የተጻፈው ጥያቄ) ግን ምንም ስህተት አይልም፣ ዝም ብሎ ውሸት ቁጥር ይሰጣል። ይሄንን ሳነብ የመለያ ቁጥር ሙከራዬ ትዝ አለኝ፣ ያው በሽታ ነው።

ሌላም አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር፣ አልሰማሁትም፣ ሄጄ ላጉን ዌር (ረድፍ የሚጣራበት ክፍል) ውስጥ ከተትኩት ፖስትግሬስም አልቀበልም አለኝ። ዌር የሚሰራው ዊንዶው ፈንክሽኖቹ (እንደ ላግ ያሉት) ከመሰላታቸው በፊት ስለሆነ ገና ያልተሰላ ነገር ማጣራት አይችልም። መጀመሪያ ልዩነቱን በዊዝ ወይ በሳብኩዌሪ (ኩዌሪው ውስጥ ቀድሞ በሚሰራ ኩዌሪ) ማስላት፣ ከዛ ከውጪ ማጣራት ነው ያለበት።

4ኛ። ቨርዥን ያልጠየቀ መልስ ግማሽ መልስ ነው ባይ ነው ይሄ ሰው። እሱ ሲሰራበት የነበረው ማይኤስኪውኤል 5.7 ስለነበር ላግ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ የሌለ ፈንክሽን ለማስኬድ ሲታገል ነበር። ዊንዶው ፈንክሽን ወደ ኤስኪውኤል ስታንዳርድ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም ፖስትግሬስ ያገኘው በ2009 በ8.4 ነው፣ ማይኤስኪውኤል በ8.0 ኤስኪውላይት ደግሞ በ3.25፣ ሁለቱም በ2018። ኤስኪውኤል ሰርቨር ረድፍ መቁጠሪያውን በ2005 ቢያመጣም ላግን ያመጣው 2012 ላይ ነው። ከዛ በታች ለያዘ ሰው ያለው መንገድ ለእያንዳንዱ ረድፍ ከእሱ ቀን በፊት ካሉት ውስጥ ትልቁን ቀን የሚያመጣ ሳብኩዌሪ መጻፍ ነው። እኔ የያዝኩት ፖስትግሬስ አዲስ ስለሆነ አልነካኝም፣ ግን ከስር ሦስት ሰው አመስግኖታል።

5ኛ። እኔው ነኝ። ላጉን ሞክሬው ሰራ፣ ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል ቆጣሪ 17 ላይ አይኔ አረፈ። ሌላው ወር ሁሉ ሃያ ምናምን ሆኖ አንዱ ላይ 57 ይላል። ረድፎቹን አወጣኋቸው፦

5/1/2023 — 410
5/2/2023 — 432
5/4/2023 — 489

ሦስተኛው ወር የለም። አልተነበበም ወይ አልተመዘገበም፣ ብቻ የለም። የ1ኛውን ሰው ኩዌሪ ሳስኬደው ደግሞ የአራተኛው ወር ረድፍ ጭራሽ ጠፋብኝ። ሁለቱም መልስ ትክክል ነው ተብዬ ነበር፣ ታዲያ ለምን ይለያያሉ ብዬ ጠየኩ።

6ኛ። ሙቀቱ የጨመረው እዚ ላይ ነው። ይሄ ሰው 1ኛው እና 3ኛው የተለያየ ጥያቄ እንደመለሱ፣ አንዳቸውም ግን የጠየቁኝ ነገር እንደሌለ በቁጣ ጻፈ። የ1ኛው ኩዌሪ የሚጠይቀው ያለፈው ወር ንባብ ስንት ነበር ነው፣ የላጉ ደግሞ ያለፈው የተመዘገበ ንባብ ስንት ነበር ነው። ወር ባልተዘለለበት ቦታ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። ሦስተኛው ወር ሲጎድል ግን ላግ ዘሎ የካቻምናውንም ቢሆን ያመጣል፣ ጆይኑ ደግሞ ጓደኛ ያጣውን ረድፍ ይጥለዋል። ቴብል በራሱ ቅደም ተከተል የለውም፣ ቀዳሚ የሚባለውን የምትወስነው አንተ ነህ ነው ነገሩ፣ ያንን ሳይወስን ኩዌሪ የሚጽፍ ሰው ያገኘው ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ አያውቀውም።

አነጋገሩ ሻከር ይላል፣ እውነት ለመናገር ግን ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ምላሽ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የታገልኩት ከፈንክሽን ጋር መስሎኝ ነበር፣ ለካ ያልጠራው የራሴ ጥያቄ ነው።

7ኛ። 3ኛው ሰው ተመልሶ መጣ፣ ተናዷል። ጥያቄው ላይ የተጻፈው ካለፈው ንባብ ጋር የሚል እንጂ ካለፈው ወር ጋር የሚል አይደለም፣ ስለዚ ያልተጠየቀውን አልመለስኩም ባይ ነው። ሄጄ አየሁት፣ እውነቱን ነው፣ የጻፍኩት እንደዛ ነው። 6ኛው ግን አልተቀበለውም፣ በየወሩ የተነበበ ተብሎም ተጽፏል እኮ፣ ይሄኔ ሁለት ትርጉም እንዳለው ማየት ነበረበት ብሎ ጸና። እንደዚ ሲሉ አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለሱ፣ እሱን ትቼዋለሁ።

8ኛ። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነገር ይዞ መጣ። ክፍተት ካለ ልዩነቱን በመሀል ባለፉት ቀናት ማካፈል። ቀኑንም በላግ ማምጣት ይቻላልና ከአሁኑ ቀን ሲቀነስ ስንት ቀን እንዳለፈ ይታወቃል። ለቆጣሪ 17 ሲሰራው በመጀመሪያ 22 በ31 ቀን፣ 0.71 ገደማ፣ ቀጥሎ 57 በ59 ቀን፣ 0.97 ገደማ። ስለዚ ፍጆታው ጨምሯል ግን 57ቱ እንደሚመስለው እጥፍ ድርብ አልሆነም። ቆንጆ ሀሳብ ነው ብዬ ሳስኬደው አብዛኛው ቆጣሪ ላይ ዜሮ አመጣብኝ። ወዲያው ነው የነገረኝ፣ ንባቡም የቀናቱም ቁጥር ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ፖስትግሬስ ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ክፍልፋዩን ይቆርጠዋል፣ 57 በ59 ዜሮ ይሆናል። ንባቡን በ1.0 አባዝቼው ተስተካከለ። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን ይሄ ችግር የለም፣ እዛ ያው ምልክት ክፍልፋዩን ያስቀምጣል።

9ኛ እና 10ኛ። አንዱ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፣ ረድፎቹን ወደ ፓይተን አውጥቶ በሉፕ መሄድ ነው አለ። ሌላው አንጓጠጠው፣ ዳታው ብዙ ሚሊዮን ሲሆን ሁሉንም በኔትወርክ ልትጎትት ነው ወይ በሚል። እኔ በዚ ላይ የምለው ቢኖር ለ7,000 ረድፍ ፍጥነቱ ለውጥ የለውም፣ ግን ፓይተን ላይም ቢሆን ቀዳሚው የቱ ነው የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሉፑ አይመልሰውም።

11ኛ። አርእስቱን ትቶ የራሱን ጥያቄ ይዞ የገባ ልጅ ነው፣ ለስራ ኢንተርቪው እየተዘጋጀ ነው። አንድ የሰራተኞች ቴብል አለ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ የአለቃው መለያ አለ፣ አለቃውም እዛው ቴብል ውስጥ ነው፤ ከአለቃው የበለጠ ደመወዝ ያለውን አምጣ። ይሄንንም በላግ ልስራው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰው አዲስ ክር ክፈት ብሎ ተቆጣው፣ እኔ ግን ባለቤቱ ነኝ ይቆይ አልኩ፣ ምክንያቱም የላግን ዳር ድንበር የሚያሳይ ጥያቄ ነው።

12ኛ። ለልጁ የመለሰችለት ሴት አስተማሪ ናት መሰለኝ፣ አገላለጿ ያስታውቃል። ላግ የሚረዳው ዝምድናው ሰልፍ ሲሆን ነው፣ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ። እዚ ግን ዝምድናው ጥቆማ ነው፣ የአንዱ ረድፍ ኮለም ሌላኛውን ረድፍ ይጠቁማል፣ አለቃው ደግሞ በምንም ድርድር ከጎኑ አይገኝም። ስለዚ ሴልፍ ጆይን (ቴብሉን ከራሱ ጋር ማጣመር) ነው፣ ሀ ሰራተኛ ለ አለቃ፣ የሀ የአለቃ መለያ ከለ መለያ ጋር እኩል፣ ከዛ ደመወዝ ማነጻጸር። ዝርዝሩ ላይ አለቃ የሌለው የበላይ ኃላፊም እንዲታይ ከተፈለገ ሌፍት ጆይን (ጓደኛ ያጣውን ረድፍ የማይጥለው)። የአለቃን አለቃ፣ እስከ ላይ ድረስ መውጣት ከተፈለገ ደግሞ ሪከርሲቭ ዊዝ (ራሱን እየደጋገመ የሚጠራ)፣ እሱ በ1999ኙ ስታንዳርድ የገባ ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ ብላ ጨመረች፣ ሰልፍም ጥቆማም ያልሆነ፤ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ባንድ ሰዓት መያዙን ማግኘት። እሱ የሚያዘው የሀ መጀመሪያ ከለ መጨረሻ ሲቀድም የለ መጀመሪያም ከሀ መጨረሻ ሲቀድም ነው፣ አንዱ ጥንድ ሁለቴ እንዳይመጣ ደግሞ የሀ መለያ ከለ መለያ ያነሰ ይሁን ማለት ነው። ያቺን የማነሻ ምልክት ካልጨመሩ ሀ ከለ ለ ከሀ ተብሎ ሁሉም ድርብ ይሆናል፣ ረድፉም ከራሱ ጋር ይጋጫል።

13ኛ። ልጁ አመሰገነ። አንድ ሰው ደግሞ ኮማ መስመር መጀመሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው ወይስ መጨረሻ ላይ የሚል ነገር አንስቶ ስምንት መልስ ተከተለው፣ አልጽፈውም።

14ኛ። ወደ ጉዳዩ የመለሰን ስለ ነል (ባዶ ዋጋ) የጻፈው ሰው ነው። ንባቡ ባዶ የሆነ ረድፍ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ የለም አልኩት፣ ፈልግ አለኝ፣ ፈለኩ፣ አለ። ቆጣሪ 88 ስድስተኛው ወር ላይ ቀኑ ተመዝግቧል ንባቡ ግን ነል ነው፣ አንባቢው ሄዶ በሩ ተቆልፎ ነው። ነል ውስጥ የገባ ሂሳብ ሁሉ ነል ነው የሚሆነው። ከአምስት ወደ ስድስት ያለው ልዩነት ነል፣ ከስድስት ወደ ሰባት ያለውም ነል፣ ልዩነቱ ከዜሮ ያንሳል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አዎም አይደለም አይደለምም አይደለም፣ አይታወቅም ነው፣ ዌር ደግሞ አዎ ያልተባለውን ሁሉ ይጥላል። እና በሰባተኛው ወር ንባቡ ከአምስተኛው ወርዶ ቢሆን እንኳን የኔ ኩዌሪ በጭራሽ አያሳየኝም ነበር። ይሄ ያስፈራል፣ ምክንያቱም ባዶ ዝርዝር አይቼ ሁሉም ደህና ነው ልል ነበር።

መድሃኒቱ ላጉ ከመሰላቱ በፊት፣ ውስጠኛው ዊዝ ላይ፣ ነል የሆኑትን ማውጣት ነው። ኦራክል እና ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ላግ ነሉን ዘሎ እንዲሄድ የሚነገርበት ቃል አላቸው፣ እኔ የያዝኩት ላይ የለም። ዋጋው ተለውጧል ወይ የሚለውን ብቻ ለሚያወዳድር ሰው ደግሞ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም የሚለውን መክሯል፣ እሱ ነልን እንደ አንድ ዋጋ ቆጥሮ ያነጻጽራል። አንዱ ከስር ላግ ሦስተኛ ነገር ይቀበላልና ቀዳሚ ሲጠፋ ዜሮ አስቀምጥበት ብሎ ነበር፣ 14ኛው አጥብቆ ከለከለኝ። እንደዛ ከተደረገ የእያንዳንዱ ቆጣሪ የመጀመሪያ ንባብ በሙሉ እንደ አንድ ወር ፍጆታ ይቆጠራል። የቆጣሪ 17 የመጀመሪያ ወር 410 ሊል ነው ማለት ነው።

15ኛ። ኩዌሪዬ ጠዋት አምስት ረድፍ ከሰዓት አራት ረድፍ ለምን እንደሚያመጣ ጠይቄ ነበር፣ ዳታው ሳይነካ። መልሱ ቆጣሪ 42 ላይ ተገኘ፣ ባንድ ቀን ሁለት መዝገብ አለው፣ 905 እና 950። አንዱ በስህተት የገባ ነው። ኦርደር ባይ ቀን ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም ዳታቤዙ ቃል አልገባም፤ 950 ከቀደመ ልዩነቱ 45 ይቀንስና ዝርዝሬ ላይ ይወጣል፣ 905 ከቀደመ ይደበቃል። ከቀኑ ቀጥሎ መለያውን ጨምርበት አለኝ፣ ጨመርኩ፣ መልሱ መለዋወጡን አቆመ።

16ኛ። ይሄ ሰው ግን 15ኛው ላይ በጣም ከበደ። መለያ መጨመር መልሱን አንድ ዓይነት ያደርገዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም፣ ባንድ ቀን ሁለት ንባብ መኖሩ ራሱ ነው መታየት ያለበት፣ ቆጣሪ እና ቀን አንድ ላይ እንዳይደገሙ ቴብሉ ላይ ዩኒክ መደረግ አለበት፣ ያንን ያልነገርከው ቁስሉን ሸፍነህ ነው የሄድከው የሚል ነው። ቃሉ ይበዛል፣ ግን ልክ ነው፣ አደረኩት። ዩኒክ ሲደረግ በሁለቱ ኮለሞች ላይ ኢንዴክስ (ቶሎ ማፈላለጊያ ማውጫ) አብሮ ስለሚመጣ 4ኛው ያለው ሳብኩዌሪም ሆነ ላጉ ሊጠቀምበት እንደሚችል ጨምሮ ጽፏል።

17ኛ። እኚህ ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ የቆጣሪ ንባብ ስራ ላይ ብዙ ዓመት እንደቆዩ ጽፈዋል። ኤስኪውኤሉ ላይ አንድም ቃል አልተናገሩም። የመጀመሪያው ጽሁፌ ላይ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም ማለቴን አንስተው፣ ልክ ቢሆንም ተነስቶ ከዜሮ የሚጀምርበት ጊዜ እንዳለ አስታወሱኝ። አሃዞቹ አራት ብቻ የሆኑ ቆጣሪ 9,999 ላይ ሲደርስ ዞሮ 0000 ይላል። የተቀየረ ቆጣሪም እንዲሁ አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚ ንባቡ የቀነሰውን ሁሉ ስህተት ብዬ ከማውጣቴ በፊት ቆጣሪው ስንት አሃዝ እንዳለው እንዳጣራ መከሩኝ። ከሳቸው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም።

18ኛ። እኔ ነኝ፣ ውጤቱን ላካፍላችሁ። ነሎቹን አውጥቼ፣ ድግግሞሹን አስተካክዬ፣ ዩኒኩን አስሬ፣ ላጉን በቆጣሪ ከፍዬ በቀን ደርድሬ ሳስኬደው ሦስት ረድፍ ቀረኝ። አንዱ በዛው ወር የተቀየረ ቆጣሪ ነው፣ የቅያሪው ወረቀት ተገኝቷል። ሁለተኛው ቆጣሪ 203 ነው፣ ከ9,871 ወደ 14። አሃዙ አራት መሆኑን አጣራሁና አባታችን እንዳሉት 10,000 ሲቀነስ 9,871 ሲደመር 14 ብዬ ሰራሁት፣ 143 መጣ፤ ከዛ በፊት የነበሩት ሁለት ወሮች 139 እና 141 ናቸው። ከስህተት ዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፣ ኬዝ (እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሰላ የሚል) ጽፌም ለአራት አሃዝ ቆጣሪዎች እንደዚ እንዲሰላ አድርጌያለሁ። ሦስተኛው ቆጣሪ 118፣ ከ2,260 ወደ 2,206። አሃዝ የተገለበጠበት ይመስለኛል ግን የትኛው ወር ላይ እንደተገለበጠ ከቴብሉ አይታወቅም፣ ነገ ሄደው ቆጣሪውን በአይናቸው አይተው እስኪነግሩኝ እየጠበኩ ነው።